የክት እና የዘወትር፦ ግሪንላንዶች ብርዱን በምን ቻሉት?

ትራምፕ «ግሪንላንድን ካልወሰድኩ» ማለት ከጀመረ ወዲህ ስለዚች ደሴት የማያወራ ሰው ጠፍቷል። በቀደም አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ ያሉት ሴቶች ከአንገታቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በቀለም ያበደ ጨሌ ደርበዋል። ከታች አጭር የቆዳ ቁምጣ፣ ከዚያ ደግሞ ጉልበት አልፎ የሚወጣ ቦቲ። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፦ «እነዚህ ሰዎች በዚህ ቁምጣ እንዴት ነው በብርድ የማያልቁት?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፣ ያ ልብስ ለብርድ የተሠራ አይደለም። የክት ነው። እንደ እኛው የበዓል ልብስ ለበዓልና ለሠርግ የሚወጣ። የዘወትሩ ሌላ ነው፤ ሰዎቹን እዚያ አገር በሕይወት ያቆያቸው እሱ ነው። ፎቶ ላይ ስለማያምር ነው መሰለኝ ማንም የማይልከው። ስለ ሁለቱም ላውራችሁ፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ግሪንላንድ የዓለማችን ትልቋ ደሴት ናት። ስፋቷ 2.16 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ ልታክል ምንም አይቀራት። ሕዝቧ ግን 57 ሺህ ያህል ብቻ። ለደመራ መስቀል አደባባይ የሚወጣው ሰው ከዚህ ይበዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 80 በመቶ የሚሆነው መሬት በበረዶ ግግር ተሸፍኗል። የግግሩ ውፍረት አንዳንድ ቦታ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ከእግራችሁ ሥር እስከ ባሕር ወለል ከፍታ ድረስ ያለው ሁሉ አፈር ሳይሆን በረዶ ቢሆን ብላችሁ አስቡት። እንደዚያ ነው።

ሰው የሚኖረው ታዲያ ዳር ዳሩን ነው። ከበረዶው ተርፎ ባሕሩን በያዘው ቀጭን መሬት ላይ፣ በተለይ በምዕራቡ በኩል። ዋና ከተማዋ ኑክ 20 ሺህ ገደማ ሰው አላት። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ በጀልባ ነው፣ በአውሮፕላን ነው፣ በሄሊኮፕተር ነው፣ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ደግሞ በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ። በደቡብ ጫፍ ሣር ይበቅላል፣ በግ የሚያረቡ ገበሬዎችም አሉ። ወደ ሰሜን ስትወጡ ነገሩ ይለወጣል። ቃናክ የምትባለው የሰሜን ከተማ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ አታይም። በጋ ሲገባ ደግሞ ለወራት አትጠልቅም። መሀል ግግሩ ላይ በታኅሣሥ 1991 ከዜሮ በታች 69.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቷል፤ የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በ2020 ሲያረጋግጠው በሰሜን የምድር ክፍል ከተለካው ሁሉ የባሰ ቅዝቃዜ ሆነ። እውነት ለመናገር እዚያ መሀል ማንም አይኖርም። ዳር ያለውም ቢሆን ግን ቀላል አይደለም።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ አገር ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። ጥጥ የለም። ጥንት በግ የለም። እንጨት እንኳ የሚገኘው የሳይቤሪያ ወንዞች ወደ ባሕር የጣሉት ግንድ ከበረዶ ጋር ተንሳፍፎ ሲደርስ ነው። ልብስ ከምን ይሠራ? ከሚታደነው ብቻ። አቆስጣ፣ የዋልታ አጋዘን፣ ነጭ ድብ፣ ቀበሮ፣ ውሻ፣ የባሕር ወፍ። (አቆስጣ ፈረንጆቹ «ሲል» የሚሉት የባሕር እንስሳ ነው። «ሲል» ብዬ ብጽፍ ማን ምን ሲል እያላችሁ ስለምትቸገሩ የአማርኛውን ልያዝ።)

ሰዎቹስ እነማን ናቸው? እኛ ኤስኪሞ እያልን ነው ያደግነው። ብዙዎቹ ይህን ስም አይወዱትም፤ ሌሎች የለጠፉባቸው ነው። እነሱ ኢኑይት ይላሉ፣ በቋንቋቸው «ሰዎች» ማለት ነው፤ አንዱ ሰው ኢኑክ ነው። በግሪንላንድ ደግሞ በሦስት ይከፈላሉ፤ በምዕራብ ካላሊት፣ በምሥራቅ ቱኑሚት፣ በሰሜን ጫፍ ኢኑህዊት። አገሩንም ግሪንላንድ አይሉትም። ካላሊት ኑናት ነው፣ የካላሊቶች ምድር።

«አረንጓዴ ምድር» የሚለውን ስም ያወጣው ኤሪክ ቀዩ የሚባል ከአይስላንድ በወንጀል የተባረረ ሰው ነው። በ985 ገደማ ሰፋሪ ለመሳብ ሲል ስሙን አሳመረው። ደላላ ድሮም ነበረ ማለት ነው። ሰፋሪዎቹ መጡ፣ ከብትና በግ አረቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ከ400 ዓመት በላይ ኖሩ፣ ከዚያ ጠፉ። የመጨረሻው የተጻፈ ወሬያቸው በ1408 ቫልሴይ በሚባል ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ሠርግ ነው። የዛሬዎቹ ግሪንላንዶች አባቶች በ1200 ገደማ ከአላስካ በኩል እየገፉ የመጡ ናቸው፤ ለተወሰነ ዘመን ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ደሴት ነበሩ።

በ1921 የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች ደቡብ ላይ አንድ የሰፋሪዎቹን መካነ መቃብር ሲቆፍሩ መሬቱ በርዶ ያቆያቸው ልብሶች አገኙ። ከሱፍ የተሠሩ ናቸው። ቀሚሶች፣ ጭራቸው እስከ ወገብ የሚንጠለጠል ቆቦች። ቁርጥ የዚያን ዘመን የአውሮፓ ፋሽን! የዓለም ዳር ላይ ሆነው የኖርዌይን ከተሜ ነበር የሚከተሉት። ከዚህ ተነሥቶ «ከኢኑይቶች አለባበስ ስላልተማሩ በብርድ አለቁ» የሚል ታሪክ በየቦታው ይነገራል። እኔ አልቀበለውም። አጥንታቸው ሲመረመር በመጨረሻው ዘመን አቆስጣ በብዛት ይበሉ እንደነበር ታውቋል፤ ስለዚህ ጨርሰው ግትር አልነበሩም። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ይነግዱበት የነበረው የዋልረስ (ረጅም ጥርስ ያለው ትልቅ የባሕር እንስሳ ነው) ጥርስ ገበያው ወረደ፣ መርከብ መምጣቱን ተወ። ቢሆንም ሁለቱ አለባበሶች ጎን ለጎን መኖራቸው ያስገርመኛል። አንዱ ያሞቃል፣ ሌላው ወግ ነው። ይህን ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዘወትሩ ልብስ። ብርድን የሚከላከለው ምንድን ነው ብትባሉ «ወፍራም ልብስ» ትሉ ይሆናል። ግማሽ ልክ ናችሁ። ጋቢን አስቡት። ጋቢ የሚሞቀው ጥጡ ሙቀት ስላለው አይደለም፤ አራት እጥፍ ስለሆነ በእጥፎቹ መካከል አየር ይይዛል። አየር ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሙቀት አያሳልፍም። የራሳችሁን የሰውነት ሙቀት አፍኖ ያስቀምጥላችኋል እንጂ ጋቢው ምድጃ አይደለም። ያው ጋቢ ዝናብ ሲነካው ግን ምን ይሆናል? ከባድ ቀዝቃዛ ጨርቅ። ውሃ የአየሩን ቦታ ይወስዳል፣ ሙቀታችሁንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በአርክቲክ ጠላት ሁለት ነው። ውጭ ያለው ብርድና ውስጥ ያለው ላብ። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሸርተቴ ሲገፋ ያላበው አዳኝ ቆም ሲል ላቡ ገላው ላይ ይበርዳል። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶች ክረምት ላይ በወፍራም ጃኬት ወደ ባቡር ሮጣችሁ ከዚያ ፌርማታ ላይ የተንቀጠቀጣችሁ ቀን ትዝ ይበላችሁ።

የኢኑይት ልብስ የተሠራው ይህን ሁለቱን አንድ ላይ ለመፍታት ነው። ሁለት ድርብ ነው። የውስጡ ፀጉሩ ወደ ገላ ዞሮ ይለበሳል፤ የላዩ ፀጉሩ ወደ ውጭ። መሀል አየር። የበግ ቆዳ ደበሎ ለብሶ ያደረ የቆሎ ተማሪ የዚህን ግማሹን ያውቀዋል። የዋልታ አጋዘን ፀጉር ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው፣ እያንዳንዱ ዘለላ በራሱ አየር የያዘ ቀጭን ቱቦ ነው። ከዚህ የሚሞቅ ፀጉር ማግኘት ይቸግራል። ላዩ ላይ የሚለበሰው ፊት ለፊት አይከፈትም። ቁልፍ የለም፣ ዚፕ የለም፣ በጭንቅላት ይጠለቃል፣ ቆቡም አብሮ የተሰፋ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ በቆብ ከተዘጋ የትም አያመልጥም። መሞቅ ሲጀምራችሁ ቆቡን ወደ ኋላ ትገፋላችሁ፣ ሙቀቱ በአንገት በኩል ይወጣል፣ ላብ አይመጣም። ልክ እንደ ቤት ጭስ መውጫ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚለበሰው ባለ ቆብ ጃኬት «አኖራክ» የሚባለው ስሙ የግሪንላንድኛ ነው፤ ካያክ የሚለውም (ጠባቧ የአዳኝ ጀልባ) የኢኑይት ቃል ነው።

ሁሉም ቆዳ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። የአቆስጣ ቆዳ ከአጋዘን ያነሰ ይሞቃል፤ ግን ውሃ አይፈራም፣ ይጠነክራል። ለቦቲና ለጀልባ ሥራ እሱ ነው። የነጭ ድብ ቆዳ ለሱሪ፤ በረዶ ላይ ሰዓታት ለሚቀመጥና ለሚንበረከክ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ቃናክ አካባቢ ያሉ አዳኞች ዛሬም ይለብሱታል። የወፍ ቆዳ ከነላባው ለውስጥ ሸሚዝ። ቦቲው (ካሚክ ይሉታል) የውስጥና የላይ ሁለት ድርብ ሆኖ በመሀላቸው ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል። እርጥበት ሣሩ ይጠጣዋል፤ ሲመሽ ይወጣና ይደርቃል ወይ ይቀየራል። ካልሲ ከመቀየር የባሰ ሥራ አይደለም።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ከፊሉ ዛሬም የሚለብሱት ስላሉ ነው። ከፊሉ ግን ከሙታን ነው። በጥቅምት 1972 ሁለት ወንድማማቾች ኡማናክ አጠገብ ቂላኪትሶቅ በሚባል የተተወ ሰፈር ወፍ ሲያድኑ ከተንጠለጠለ አለት ሥር የድንጋይ ክምር አዩ። ሲገልጡት ሰዎች ናቸው። ስምንት አስከሬን፣ ስድስት ሴቶችና ሁለት ሕፃናት። ትንሹ የስድስት ወር ገደማ ሕፃን ነው። ሲመረመሩ በ1475 አካባቢ የሞቱ ሆነው ተገኙ። ደረቁ ብርድ ከነቆዳቸው፣ ከነፀጉራቸው፣ ከነቅንድባቸው አቆይቷቸዋል፤ የአምስቱ ሴቶች ፊት ላይ ንቅሳት እንኳ ይታያል። ንቅሳቱ ቀጭን መስመር ሆኖ በግንባርና በአገጭ ላይ ነው። የእኛ አገር እናቶች ንቅሳት ወዲያው ትዝ አለኝ።

ልብሳቸው አብሯቸው ነበር፣ 78 ቁራጭ። ይህ ማለት ሙታኑ ወደ ሌላው ዓለም ሲሄዱ እንዳይበርዳቸው ትርፍ ልብስ ተጨምሮላቸዋል። የውስጥ ሸሚዞቹ ከወፍ ቆዳ ናቸው፣ ላባው ወደ ገላ። ሰፊዋ ዝም ብላ ያገኘችውን ቆዳ አልገጣጠመችም፤ የተለያየ ወፍ ለተለያየ የሰውነት ክፍል መርጣለች፣ ለስላሳው ለሚነካ ቦታ፣ ጠንካራው ለሚፈተግ ቦታ። የአቆስጣው ልብስም ጥቁርና ነጣ ያለው ፀጉር ሰውነትን አቅጥኖ በሚያሳይ መስመር ተቆርጦ ተሰፍቷል። ለማማር! ሕይወት በአንድ ቀዳዳ በሚጠፋበት አገር እንኳ ሰው ማማር ይፈልጋል። ከእነሱ የተወሰኑት ዛሬ ኑክ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ናቸው። የትንሹ ሕፃን ፎቶ በዓለም ዞሯል። ያየው ሰው ዝም ነው የሚለው።

ሥራው የሴት ነው። ወንዱ ገድሎ ያመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሷ። መጀመሪያ ኡሉ በሚባል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባለው የሴቶች ቢላ ስቡን ትገፋለች። ቢላው እጀታው ከስለቱ በላይ መሀል ላይ ስለሆነ የእጅ ጉልበት በቀጥታ ይወርድበታል። ቀጥሎ ቆዳው ይታጠባል፤ ቅባቱን ለማስለቀቅ ድሮ የቆየ ሽንት ነበር የሚጠቀሙት። አትጸየፉ፤ ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ቅባት ያነሣል፤ ሳሙና በሌለበት ሳሙና ነው። ከዚያ ተወጥሮ ይደርቃል። ፀጉሩ ተነሥቶ በውርጭና በፀሐይ ውጭ ከተሰቀለ ነጭ ይሆናል፣ ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ቦቲ እንዲያ የመጣ ነው። በመጨረሻ ማልፋት። የደረቀውን ቆዳ በጥርስ እያኘኩ ያለሰልሱታል፣ በተለይ የጫማ ሶሉን ጠርዝ። የድሮ ሴቶች አጽም ላይ የፊት ጥርሶቹ እስከ ድድ ተበልተው የሚገኙት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። በእኛ አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። «ፋቂ» ስድብ ነበር፤ የማያጋቡት፣ አብረው የማይበሉት። ያው ሰው የፋቀውን አጎዛ ግን ሁሉም ይተኛበታል። በኮንሶ ሴቶች በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ ሲያለፉ በቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች አጥንተዋቸዋል፣ በዓለም ላይ ይህን ጥበብ ከያዙ ጥቂቶች ናቸው፤ ያን ያህል የሚያወራላቸው ግን የለም። ግሪንላንድ ላይ ጥሩ ሰፊ ሴት ማለት ትልቅ ስም ነበር። ሚስት የሌለው አዳኝ አዳኝ አልነበረም። ብብቱ ሥር የተተረተረ ስፌት ይዞ በረዶ ላይ የወጣ ሰው ላይመለስ ይችላል።

ስፌቱ ራሱ ጉድ ነው። ክሩ ጅማት ነው፣ ከአጋዘን ወይ ናርዋል ከሚባለው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ጀርባ የሚወጣ፣ ደርቆ እየተሰነጠቀ የሚፈተል። ጅማት ውሃ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ራሱን ይደፍናል! ውሃ ለማያስገባ ስፌት ደግሞ መርፌው ቆዳውን ጨርሶ አይበሳም። በቆዳው ውፍረት መሀል ገብቶ ባንዱ ወገን ይወጣል። ቀጥሎ ከሌላው ወገን ሁለተኛ መስመር ይሰፋል። አሁን ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ቀዳዳ የለም ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በሚሆን ቆዳ ውስጥ መርፌን ግማሽ መንገድ አስኪዶ መመለስን እስቲ በእጃችሁ ሞክሩት። እኔ የጃኬቴን ቁልፍ ስተክል ጣቴን እበሳለሁ።

በዚህ ስፌት ነው ካያክ ላይ የሚለበሰው ቱይሊክ የሚሠራው። ቆቡ ፊት ላይ ጥብቅ ይላል፣ እጅጌው አንጓ ላይ ይታሰራል፣ ታችኛው ጠርዝ የጀልባዋን ክፍት አፍ ዙሪያ ይዞ ይታሰራል። ሰውየውና ጀልባው አንድ ዕቃ ሆኑ። ቢገለበጥ ውሃ ጠብ ሳይልበት ተገልብጦ ይነሣል። ዓሣ ነባሪ ለማደን ደግሞ ከእግር እስከ ራስ አንድ ወጥ የሆነ የአቆስጣ ቆዳ ልብስ ነበረ፤ ሆዱ ላይ ባለ ቀዳዳ ተገብቶ ቀዳዳው እንደ ከረጢት አፍ ይታሰራል። አንዱ ኮፐንሃገን ሙዚየም አለ። ሲያዩት የጠፈር ተጓዥ ልብስ ነው የሚመስለው።

ልጅስ? ልጅ በጀርባ ነው። እናቲቱ የምትለብሰው «አማኣት» የሚባል ልብስ ጀርባው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ሕፃኑ እዚያ ውስጥ ከገላዋ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ቆቡ ለሁለት ይበቃል። ከአንቀልባ የሚለየው ልጁ ከልብሱ ውጭ ሳይሆን ውስጥ መሆኑ ነው። እዚያ አገር ውጭ ማዘል አይታሰብም።

ይህን እውቀት መጀመሪያ የናቁት ፈረንጆች ኋላ መበደር ነበረባቸው። አሜሪካዊው ፒሪ ወደ ሰሜን ዋልታ ባደረጋቸው ጉዞዎች ልብሱን የሰፉለት የኢኑህዊት ሴቶች ናቸው። አብሮት የነበረው ማቲው ሄንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ቋንቋቸውን አቀላጥፎ ይናገር ነበር፣ ሸርተቴ መንዳትም ከፒሪ ይበልጣል ይባልለታል። ዘሮቹ ዛሬም እዚያ ሰሜን ይኖራሉ። ስለ ጥቁር ሰው ካነሣን ቴቴ ሚሼል ክፖማሲ የሚባል የቶጎ ሰው አለ። ልጅ እያለ ስለ ኢኑይቶች የሚያወራ መጽሐፍ አየና ከቤት ወጣ፤ በየአገሩ እየሠራ ስምንት ዓመት ፈጅቶ በ1965 ግሪንላንድ ደረሰ። ከወደብ ሲወርድ ሰው ሁሉ ዝም አለ ይላል፣ ልጆቹ አለቀሱ። ከሁሉም በቁመት ይበልጥ ነበር። ከሐሩር አገር ተነሥቶ እዚያ ድረስ በገዛ ፈቃዱ የሄደ ሰው ሳስብ እኔ የደብረ ብርሃንን ሌሊት ያማረርኩት ያሳፍረኛል።

እሺ፣ የክቱ። ፎቶው ላይ ያለው።

በ1721 ሃንስ ኤገደ የሚባል ቄስ መጣ። የጠፉትን የድሮ ሰፋሪዎች ሊፈልግ ነበር፤ ያገኘው ኢኑይቶችን ነው፣ እነሱን አጠመቀ። ከሱ በፊትም በኋላም የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ይመላለስ ነበር። መርከቦቹ ይዘው የመጡት መርፌ፣ ጨርቅና የመስታወት ጨሌ ነው። ጨሌ ለግሪንላንድ ሴት ፍጹም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቀድሞም ከአጥንት፣ ከጥርስ፣ ከዓሣ አከርካሪ እየሠራች ልብሷ ላይ ትሰፋ ነበር። አሁን ግን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ መጣ። መጀመሪያ አንገት ላይ ጥቂት መስመር ነበር። ከዚያ ትከሻ ወረደ። ከዚያ ደረት። ዛሬ የምዕራቡ አንገትጌ ክርን ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ በሺዎች የሚቆጠር ጨሌ በመረብ ተሰፍቶ፣ ክብደቱም ቀላል አይደለም።

ከጨሌው ሥር ያለው አኖራክ ዛሬ ከቆዳ ሳይሆን ከጨርቅ ነው፤ ከዴንማርክ ሱቅ የመጣ ጥጥ ወይ ሐር። ከቦቲው አናት ላይ የሚታየው ነጭ ዳንቴልና የአበባ ጥልፍም የአውሮፓ ነው። ቁምጣው ግን የአቆስጣ ቆዳ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ባለ ብዙ ቀለም መስመር ታያላችሁ። ከሩቅ ጥልፍ ይመስላል። አይደለም። አቪታት ይሉታል፤ ቆዳ በቀለም ተነክሮ፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት ባይሆንም እንደ ሩዝ ፍሬ በሚያህል ቁራጭ ተቆርጦ፣ አንድ ባንድ እየተሰፋ ንድፍ ይሠራበታል። የዚህ አንድ ጣት ርዝመት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሰፋችው ናት የምታውቀው።

ድሮ ልብሱ መታወቂያም ነበር። ሴቶቹ ፀጉራቸውን አናት ላይ ጠቅልለው በሪባን ያስሩ ነበር፤ ቀይ ያላገባች፣ ሰማያዊ ያገባች፣ ጥቁር ባሏ የሞተባት፣ አረንጓዴ ደግሞ ሳታገባ የወለደች። የአረንጓዴው ነገር አይጥመኝም። ቀለሙን ማን መረጠላት? እሱ ቀርቷል፣ ደግ አደረገ። የአካባቢው ልዩነት ግን አለ፤ በምሥራቅ አኖራኩ ነጭ ሆኖ ጨሌው ያንሳል፣ በቃናክ ቦቲው ነጭና እስከ ጭን ሥር የሚወጣ ሆኖ አናቱ ላይ የነጭ ድብ ፀጉር አለው፣ ቁምጣው የቀበሮ ነው። ወንዶቹ እንደ ሁልጊዜው ተገላግለዋል፤ ነጭ አኖራክ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ካሚክ፣ አለቀ።

የሚለበሰው መቼ ነው? ልጅ ትምህርት ቤት የምትገባበት የመጀመሪያ ቀን። ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ማጽኛ ሲደረግላት። ሠርግ። ገና። በየዓመቱ ሰኔ 21 (በፈረንጆቹ) የብሔራዊ ቀናቸው ዕለት፤ በ2009 ከዴንማርክ ጋር ሆነው ሰፊ ራስን የማስተዳደር ሥልጣን የያዙትም በዚሁ ቀን ነው። አገሩ እስከ 1953 ቅኝ ግዛት ነበር፣ በ1979 የራሱን አስተዳደር አቋቋመ፣ ዛሬም ግን ከዴንማርክ መንግሥት አልወጣም።

«ታዲያ ጨርቁ የዴንማርክ፣ ጨሌው የመርከብ ከሆነ ምኑ ነው ባህላዊው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ይህ ጥያቄ አይከብደኝም። የእኛ ሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ክሩ ከየት ነው የሚመጣው? መሸጫውን ጠይቁ። ባህል የሚሆነው ዕቃው ከየት መጣ ሳይሆን ማን ምን አደረገበት ነው። ይህን ለመረዳት በ2009 የሆነውን ማየት ይበቃል። ለንደን የሚሠራ አንድ የዴንማርክ ተወላጅ ዲዛይነር የካሚክን መልክ ያላቸው ረጃጅም ቦቲዎች በፋሽን ትርኢት አቀረበ። ኑክ ላይ ሰልፍ ተወጣ። ሴቶቹ የተቆጡት ለቦቲ ብቻ አልነበረም፤ እናት ለልጇ ለወራት የምትሰፋውን ነገር አንድ ሰው ሳይጠይቅ አንሥቶ ስለሸጠው ነው።

የዘወትሩን ልብስ የጎዳው ግን ፋሽን ሳይሆን ርኅራኄ ነው። ይህ ክፍል ትንሽ ይወሳሰባል። በ1970ዎቹ ካናዳ ላይ ነጭ ፀጉር ያላቸው የአቆስጣ ግልገሎች በዱላ እየተመቱ ሲገደሉ የሚያሳይ ፎቶ ዓለምን አስለቀሰ። በ1983 የአውሮፓ ማኅበር የእነዚህን ግልገሎች ቆዳ እንዳይገባ ከለከለ። ግሪንላንዶች ነጩን ግልገል አያድኑም። አዋቂውን አቆስጣ ነው፣ ለሥጋው ነው፣ ቆዳው ትርፍ ገቢ ነበር። ገዢው ግን ያን ሁሉ አይለይም፤ «አቆስጣ» ሲባል ያ ፎቶ ነው የሚመጣበት። ዋጋው ተንኮታኮተ። በ2009 የአውሮፓ ኅብረት የአቆስጣ ምርት ሁሉ ላይ ክልከላ ሲያደርግ ለኢኑይቶች በሕጉ ልዩ ፈቃድ አስቀመጠ፤ የምስክር ወረቀት ካለው መሸጥ ይቻላል። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ነው። ገበያው ግን አንዴ ሞቷል። አንድ ሱቅ ስለ ወረቀት ደንበኛ ሲያስረዳ ከሚውል ጭራሽ ባይዘው ይመርጣል። ቃቆርቶቅ በምትባል ከተማ ያለው ትልቁ ቆዳ ፋብሪካ ያለ መንግሥት ድጎማ የሚቆም አይመስልም።

ለእንስሳ የሚያዝን ሰው ላይ አልፈርድም። ነገር ግን በፋብሪካ የተሠራ የናይለን ጃኬት ከነዳጅ እንደሚወጣ፣ ነዳጁም አየሩን እንደሚያሞቀው፣ አየሩ ሲሞቅ አቆስጣው የሚወልድበት የባሕር በረዶ እንደሚቀልጥ አብሮ ቢታሰብ ደስ ይለኛል። የሰሜኖቹ አዳኞች ሸርተቴ የሚነዱበት በረዶ ዘግይቶ እየረጋ፣ ቀድሞ እየተሰበረ ነው። የማይታመን በረዶ ላይ የድብ ሱሪም አያድን።

ዛሬ ኑክ ብትሄዱ ሰው ሁሉ እንደ ማንኛውም የሰሜን አውሮፓ ከተማ ጃኬትና ጂንስ ለብሷል። ሱፐርማርኬት አለ፣ ፎቅ አለ፣ ዋይፋይ አለ። ቆዳ ማልፋትና መስፋት የሚያስተምሩ ኮርሶች አሉ፣ ወጣቶችም ይገባሉ። የክቱ ልብስ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ ሲጠብ ይፈታል፣ ሲሰፋ ይገባል፣ ጨሌው እንደገና ይሰካል።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨመረልኝ፤ «እሺ ከበዓል በኋላ የት ያስቀምጡታል? ቁም ሣጥን?» ቁም ሣጥን አይሆንም። የዛሬ ቤት በማሞቂያ ሞቆ የሚውል ነው። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ብል ይበላዋል። ስለዚህ ካሚኩን በላስቲክ ጠቅልለው ከሥጋውና ከዓሣው ጎን ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል።